የሞሃቬ ቢጫ ላይከን፦ አካሮስፖራ ሶሲያሊስ ልበለው?

ግራናይት
ጤና ይስጥልኝ። ካሊፎርኒያ፣ ሞሃቬ በረሃ ውስጥ፣ ግራናይት ላይ ልጥፍ ብሎ የበቀለ የሎሚ ቢጫ ላይከን (የድንጋይ ሽበት) ነው። እንደ ኮብልስቶን ንጣፍ የተሰነጣጠቀ ሲሆን አንዱ ቅርፊት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ መሃሉ ላይ ቀይ ቡናማ ነጥብ አለው። 10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ ሲደረግበት ቀለሙ አልተለወጠም። አካሮስፖራ ሶሲያሊስ ለማለት ይበቃል?

ምላጭ
አይበቃም። ይህ ፈተና ከግምት የሚያስወጣልዎት ብርቱካናማዎቹን ላይከኖች፣ እነካሎፕላካን ነው፤ እነሱ ወዲያው ወይን ጠጅ ይሆናሉ። ደግሞ ውህዱ ራሱ ደክሞ እንዳይሆን፤ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ኃይሉን ያጣል። መጀመሪያ ዛንቶሪያ (ሌላ ብርቱካናማ ላይከን) ላይ ይሞክሩት፤ እዚያም ቀለሙ ካልተለወጠ አዲስ ይበጥብጡ (ጓንትና መነጽር አድርገው፣ ቆዳ ይበላል)።

ቁርጡን የሚናገረው ስፖሩ (የመራቢያ ብናኙ) ነው። ቅርፊቱን በጠብታ ውሃ 5 ደቂቃ ያርጥቡት፤ ደረቁ በምላጭ ሲነካ ይፈረካከሳል። ቡናማውን ነጥብ አቋርጠው የቻሉትን ያህል ስስ አድርገው ይቁረጡ፣ ስላይድ ላይ በውሃ አድርገው ከቨር ስሊፑን (ስሱን መሸፈኛ መስታወት) በእርሳስ ላጲስ ጫን ይበሉት። ወፍራም ቁራጭ ጥቁር ጥላ እንጂ ሌላ አያሳይም። አካሮስፖራ ከሆነ በአንድ የስፖር ከረጢት ውስጥ ከ100 በላይ ስፖሮች ታጭቀዋል። በ400 እጥፍ የአሸዋ ብናኝ ስለሚመስሉ ብዙ ሰው ያልፋቸዋል፤ በዘይት ሌንስ 1000 እጥፍ ይዩ።

ሳቫና
ምላጭ ያለው ልክ ነው፣ ግን ፕሊዮፕሲዲየም የሚባለው ሌላ ቢጫ ላይከንም ከረጢቱ እንዲሁ በስፖር የታጨቀ ነው። ስለዚህ ማይክሮስኮፑን ከመክፈትዎ በፊት ዳር ዳሩን በ10 እጥፍ ማጉያ ይዩ፦ ጠርዙ እንደ ጣት ወደ ውጭ ከተዘረጋ ፕሊዮፕሲዲየምን ይጠርጥሩ። በቅርፊቶቹ መካከል ጥቁር መስመር ካለ ደግሞ ሪዞካርፖን ጂኦግራፊኩም ሊሆን ይችላል፤ የሱ ስፖር ትልልቅና በውስጡ የተከፋፈለ ነው። ሦስቱንም ቢጫ የሚያደርጋቸው ያው ሪዞካርፒክ አሲድ የተባለ ቀለም ስለሆነ የአልትራቫዮሌት ባትሪም አይለያቸውም። አፈር ላይ ቢሆን ኖሮ አካሮስፖራ ሽላይኸሪ ይመጣ ነበር።

ግራናይት
ጠርዙ አልተዘረጋም፣ ጥቁር መስመርም የለውም። ናሙና እንዴት ይነሳ?

ምላጭ
ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ከሆነ ያለ ፈቃድ አይነካም፤ ማስመሪያ አጠገቡ አድርገው ፎቶ ብቻ ያንሱ። ከተፈቀደ በመሮና በመዶሻ ከነድንጋዩ በስሱ ይፈልጡት፤ በቢላ ከተፋቀ ዱቄት ነው የሚተርፈው። በወረቀት ይጠቅልሉት። ፕላስቲክ ውስጥ እርጥበት ታፍኖ ይሻግታል። የድንጋዩን ዓይነት፣ ከፍታውን፣ ፊቱ ወዴት እንደሚያይና ቀኑን እዚያው ይጻፉ።