ለመስጠት ቀን ዘመቻ ከየት እንጀምር?

ጥያቄ፦ ከ«ጎማና ፍሬን»

ሰላም ለሁላችሁ።

የአንድ ትንሽ ማኅበር አስተባባሪዋ ነኝ። ዊልቸር እንጠግናለን፤ መግዛት ላልቻሉም እናውሳለን። ሁለት ጠጋኞች፣ እኔ፣ ጥቂት በጎ ፈቃደኞች፣ በቃ። ቦርዱ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በጊቪንግ ቱዝደይ ቀን (ሰዎች ለበጎ አድራጎት እንዲሰጡ በየዓመቱ በሚጠየቁበት ማክሰኞ) ገቢ እንድናሰባስብ ወስኖ ሥራውን ለእኔ ሰጠኝ።

ያለን ነገር ይኸው ነው። ከዚህ በፊት የረዱን ሰዎች ስልክና ኢሜይል አለን። ተከታዩ ብዙ ያልሆነ የፌስቡክ ገጽ አለን። የቴሌግራም ግሩፕና የባንክ ሒሳብም አለን። ለማስታወቂያ የሚወጣ ገንዘብ የለም።

የቦርዱ ሐሳብ በዕለቱ ከጠዋት እስከ ማታ ፖስት ማድረግ ነው። እኔን አላሳመነኝም። በዚያ ቀን ሁሉም ድርጅት ይጠይቃል፤ የእኛን ማን ያየዋል? ከስንት ጊዜ በፊት እንጀምር? የምንሰበስበውን መጠን በምን እንወስን? «እናንተ የሰጣችሁትን ያህል ሌላ ሰው ይጨምራል» የሚባለው ነገርስ እውነት ይሠራል? ሰውን ሳናሰለች ስንት ጊዜ መጠየቅ እንችላለን?

የምንጠይቀው ለትልቅ ሕንፃ አይደለም። የፊት ጎማው ኩሽኔታ ያለቀበት ዊልቸር ባለቤቱን ቤት ያስቀምጠዋል። ኩሽኔታው ሲቀየር ያው ሰው በማግስቱ ሥራ ይገባል። ይህን ለሰው በደንብ ማስረዳት ነው የምፈልገው።

መልስ፦ ከ«አንጋፋው»

እህቴ፣ ልብሽ የነገረሽ ትክክል ነው። ይህን ሥራ ብዙ ዓመት ሠርቼበታለሁ። የመስጠት ቀን ዘመቻ የሚሳካውም ሆነ የሚከሽፈው ቀኑ ከመድረሱ በፊት ነው። ዕለቱ ራሱ ቀጠሮ ነው። «አንድ ቀን እረዳቸዋለሁ» እያለ ያቆየ ሰው ያን ቀን እጁን እንዲዘረጋ ምክንያት ይሆነዋል። ያንን ሰው ግን ቀድመሽ ማግኘት አለብሽ። ጭራሽ የማያውቃችሁ ሰው በፖስት ብዛት አይሰጥም።

ስለዚህ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብለሽ ጀምሪ። መጀመሪያ ፖስተር አትሥሪ። ዝርዝሩን ይዘሽ ከጠጋኞቹና ከቦርዱ ጋር ተቀመጪ። በእያንዳንዱ ስም ጎን ሦስት ነገር ጻፉ፤ መቼ ሰጠ፣ ምን ያህል ሰጠ፣ ከእኛ መካከል ማን ያውቀዋል። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ጠጋኙ የሚያውቀውን ሰው ጠጋኙ ይደውልለት። የቦርድ አባል የሚያውቀውን ሰው የቦርድ አባሉ ይጠይቅ። ቦርዱ ፖስት ይደረግ ብሎ ብቻ አይቀመጥ። እያንዳንዱ አባል በስም የሚጠይቃቸውን አሥር አሥር ሰዎች ጽፎ ይስጥሽ። ራሱ አባሉም ቀድሞ ይስጥ፤ መጠኑ ቢያንስም ችግር የለውም። ያልሰጠ ሰው ሲጠይቅ ድምፁ ላይ ይታወቃል።

የምትሰበስቡት መጠን የሚወጣውም ከዚሁ ዝርዝር ነው። ብዙ ማኅበር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የዓመቱን ችግር ደምሮ ያንን ግብ ያደርገዋል። ችግሩ ማለቂያ የለውም፤ የሚሰጡሽ ሰዎች ግን የሚቆጠሩ ናቸው። ማን ምን ያህል ሊሰጥ እንደሚችል በጥንቃቄ ገምቺ፤ ደምሪ፤ ከዚያ ትንሽ ዝቅ አድርጊው። ቀጥሎ ይህን ገንዘብ ወደ ሥራ መልሺው። «ይህን ያህል ወንበር መንገድ ላይ እንመልሳለን» የሚል ግብ ለሰው ይገባዋል።

ግቡን ከያዝሽ በኋላ ዜሮ ላይ ሆነሽ ለሕዝብ አታውጪው። ጆን ሊስት እና ዴቪድ ሉኪንግ-ራይሊ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ሙከራ አለ። አሜሪካ ውስጥ ለአንድ የዩኒቨርሲቲ ማዕከል ኮምፒዩተር መግዣ መዋጮ በደብዳቤ ጠየቁ። ለአንዳንዱ ቤተሰብ «ከሚያስፈልገው 10 በመቶው ተገኝቷል» አሉ፤ ለሌላው «67 በመቶው ተገኝቷል»። ሁለተኛውን ደብዳቤ ካገኙት ሰዎች የተሰበሰበው ገንዘብ ወደ ስድስት እጥፍ የሚጠጋ ነበር። ሰው ሊሞላ የደረሰ ነገር ሲያይ የእሱ ድርሻ ለውጥ እንደሚያመጣ ያምናል። አንቺም ትልልቅ የሚሰጡትን ጥቂት ሰዎች ቀድመሽ በግል አግኚያቸው። ከተቻለ ግማሹን፣ ካልሆነም ሲሶውን ይዘሽ ግቢ።

አሁን ወደ «ሌላ ሰው ይጨምራል» ጥያቄሽ ልምጣ። አዎ፣ ይሠራል። ዲን ካርላን እና ይኸው ጆን ሊስት እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ጥናት ከ50,000 ለሚበልጡ የአንድ የአሜሪካ ድርጅት የቀድሞ ለጋሾች ደብዳቤ ልከው የሞከሩት ነው። «የሰጣችሁትን ያህል አንድ ለጋሽ ይጨምራል» ሲባል የሚሰጠው ሰው ቁጥር በ22 በመቶ ጨመረ፤ በአንድ ደብዳቤ የተገኘው ገንዘብ ደግሞ በ19 በመቶ። የገረመኝ ሌላው ክፍል ነው። አንድ ለአንድ፣ ሁለት ለአንድ ወይም ሦስት ለአንድ መሆኑ ለውጥ አላመጣም። ስለዚህ አንድ ደግ ሰው ካገኘሽ «ሦስት እጥፍ» እያልሽ ገንዘቡን ቶሎ አትጨርሺው። አንድ ለአንድ አድርጊውና ለብዙ ሰው ይድረስ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ቃሉ እውነት ይሁን። ሰውዬው ሌላው ሰጠም አልሰጠም ገንዘቡን የሚለቅ ከሆነ «እናንተ ካልሰጣችሁ ይቀራል» ብለሽ አትጻፊ። እንደዚያ ከሆነ ስጦታውን እንደ መነሻ አቅርቢው፤ «ይህን ያህሉ ተገኝቷል፣ ቀሪውን እንሙላ»። ይህም በደንብ ይሠራል፤ ሕሊናሽም ንጹሕ ይሆናል።

ስለ ታሪኩ ብዙ አልልም፤ አንቺ ራስሽ ጽፈሽዋል። ያ የኩሽኔታ ነገር ዘመቻሽ ነው። የአንድ ሰው፣ የአንድ ወንበር፣ የአንድ ጎማ ታሪክ ንገሪ። ቁጥሩን ለሪፖርቱ አቆዪው። ዴቦራ ስሞል፣ ጆርጅ ሎዌንስታይን እና ፖል ስሎቪክ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት ስለ አንዲት ልጅ ብቻ ያነበቡ ሰዎች የሚሊዮኖችን ችግር በቁጥር ካነበቡት የበለጠ ሰጥተዋል። የልጅቷ ታሪክ ላይ ቁጥሩ ሲጨመርበት እንኳ የሚሰጡት ቀነሰ።

መልስ፦ ከ«ሒሳብ ክፍል»

አንጋፋው ያሉት ላይ ሁሉ እስማማለሁ። እኔ ገንዘቡ ስለሚገባበት በር ልጨምር። ብዙ መዋጮ የሚጠፋው እዚያ ላይ ነው።

መክፈያውን በራስሽ ስልክ ብቻ አትሞክሪው። ርካሽ ስልክ ላይ፣ ደካማ ኔትወርክ ላይ፣ በዕድሜ ገፋ ላለ ሰው አስይዘሽ ሞክሪው። የት ላይ እንደሚቆም ዝም ብለሽ ተመልከቺ። በባንክ ለሚያስገቡ ሰዎች ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ የሚጻፍ አንድ አጭር ቃል ስጧቸው፤ አለዚያ ማን እንደላከ ሳታውቁ ምስጋናው ይቀራል። በዕለቱ ስልክና ቴሌግራም ላይ «ገባ ወይስ አልገባም?» ለሚል የሚመልስ ሰው በፈረቃ መድቡ። ገንዘብ ለማሰባሰብ ባላችሁበት አገር ፈቃድ የሚያስፈልግ ከሆነ ደግሞ ቀድማችሁ ጨርሱ፤ በመጨረሻው ሳምንት የሚሆን ነገር አይደለም።

«ይህ ገንዘብ አንድ ጎማ ይገዛል» ብላችሁ ከጻፋችሁ ያ ገንዘብ ጎማ መግዛት አለበት። ለኪራይና ለመብራት ማዋል አትችሉም። «እንዲህ ያለ ጥገና ለመሥራት ያግዘናል» በሉ። ከዚያ የሚሻለው ግን ትልቁ ለጋሻችሁ የቢሮ ወጪውን እንዲችል መጠየቅ ነው። ኡሪ ግኒዚ የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2014 ሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጣው ሙከራ ይህንኑ ያሳያል። «የአስተዳደር ወጪው በሌላ ለጋሽ ተሸፍኗል፤ የእናንተ ገንዘብ በሙሉ ለሥራው ይውላል» መባሉ ከሌሎቹ አቀራረቦች ሁሉ፣ «የሰጣችሁትን ያህል ሌላ ይጨምራል» ከማለትም ጭምር፣ የተሻለ ገቢ አምጥቷል።

መልስ፦ ከ«የራስ ቀን»

እኔ ቀኑ ራሱ ላይ ጥያቄ አለኝ። ጊቪንግ ቱዝደይ እ.ኤ.አ. በ2012 ኒውዮርክ ውስጥ 92ኛ ስትሪት ዋይ በሚባለው የባህል ማዕከል ተጀመረ፤ የተባበሩት መንግሥታት ፋውንዴሽንም አብሮ ነበር። የሚውለው ከአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል ቀጥሎ ባለው ማክሰኞ ነው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ከኖቬምበር 27 እስከ ዲሴምበር 3 ባለው ጊዜ ውስጥ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ2024 አሜሪካ ውስጥ ብቻ 3.6 ቢሊዮን ዶላር እንደተሰጠ ተገምቷል። ትልልቆቹ ድርጅቶች በሙሉ አቅማቸው የሚወጡበት ቀን ነው። ትንሽ ማኅበር እዚያ መሀል ምን ያደርጋል? የሚኒሶታ ግዛት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2009፣ ከዚያ ሦስት ዓመት ቀድመው፣ የራሳቸውን የመስጠት ቀን ጀምረዋል። ማኅበሩ የተመሠረተበትን ቀን ብትይዙስ?

መልስ፦ ከ«አንጋፋው»

ጥሩ ነጥብ ነው፤ ግን ለሁሉም አይሆንም። ለጋሾቿ ቀኑን የሚያውቁት ከሆነ ግማሽ ማብራሪያው ተሠርቶላታል። «ያ ቀን ደረሰ» ማለት ይበቃታል። የማያውቁት ከሆነ ስሙ ምንም አይጨምርላትም፤ ያኔ የራሳቸው ቀን ይሻላል። በሁለት ቀን ውስጥ ይታወቃል፤ ከዝርዝሩ ላይ ጥቂት ሰዎች ጋር ደውላ «ይህን ቀን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?» ብላ ትጠይቅ። የትልልቆቹ ጫጫታ ግን ብዙ አያስፈራኝም። በስሙ የጠራው የሚያውቀው ሰው ከሆነ ስልኩን ያነሳል።

መልስ፦ ከ«ባለ ዊልቸሩ»

ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ ሰው አንድ ነገር ስሙኝ።

ለዘመቻ ፎቶ ስትፈልጉ ከላይ ወደ ታች አታንሱን። ዝቅ በሉና በዓይናችን ልክ አንሱ። የሚያሳዝን ፊት አትፈልጉ። አንቺ እንዳልሽው ኩሽኔታ ሲቀየር ሰው ሥራ ይገባል፤ እንግዲያው ሥራ ላይ ሆኖ ይታይ። ታሪኩን ራሱ ይናገር፤ ከመውጣቱ በፊት ያንብበው፤ «ይህቺን አውጡልኝ» ካለ ትውጣ። ፈቃድ ስትጠይቁ ደግሞ ወንበሩ ተጠግኖ ካለቀ በኋላ ይሁን። እየተጠገነለት ያለ ሰው እንቢ ማለት ይከብደዋል። ይህን በጣም ነው የምለምናችሁ።

የመክፈያ ገጹ ዓይነ ስውራን በሚጠቀሙበት የስክሪን ማንበቢያ የሚነበብ መሆኑንም አረጋግጡ። እኛም እኮ እንሰጣለን።

ጥያቄ፦ ከ«ጎማና ፍሬን»

ጋሼ፣ ሁላችሁም፣ እግዜር ይስጥልኝ። ፎቶ ስለማንሳት የተባለውን ለጠጋኞቹ ዛሬውኑ አነበብኩላቸው። ፈቃድ የምንጠይቀው ከጥገናው በኋላ እንዲሆን ተስማምተናል።

አንድ የቀረኝ አለ። ስልኩ። ደውዬ ገንዘብ ስጠይቅ ምን ልበል? ቦርዶቹም የሚፈሩት እሱን ነው። ስንት ጊዜ መጠየቅ እንደምንችልም አልተመለሰልኝም።

መልስ፦ ከ«አንጋፋው»

ስልኩ ላይ ከአራት ዓረፍተ ነገር አትለፉ። ማን እንደሆንሽ፤ ባለፈው የሰጠው ምን እንደሠራ፤ አሁን ምን ልትሠሩ እንዳሰባችሁ፤ ከዚያ ጥያቄው። «ባለፈው የረዱን ጊዜ የሁለት ሰዎች ወንበር ተጠግኗል። ዘንድሮ በዚህ ቀን ይህን ያህል ወንበር ልናስነሳ ነው። እርስዎ የአንዱን ጥገና ቢያግዙን ብዬ ነው የደወልኩት።» ከዚያ ዝም በዪ። ዝምታው ይከብዳል፤ ግን አትሙዪው። ሰውየው እያሰበ ነው። «አሁን አይመቸኝም» ካለ አመስግኚው፤ ሥራው የት እንደደረሰ ልትነግሪው ፈቃዱን ጠይቂው። ሁለት ሦስት ጊዜ ከቦርዱ አባላት ጋር እርስ በርስ ተለማመዱት። አፋቸው ላይ ሲለምድ ፍርሃቱ ይቀንሳል።

ስለ ብዛቱ፤ ሳምንት ሲቀረው አንድ ጊዜ አሳውቂ፣ ዋዜማው ላይ አንድ አጭር መልእክት፣ በዕለቱ ደግሞ ጠዋት፣ እኩለ ቀንና ማታ። በእያንዳንዱ አዲስ ነገር ይኑር። ጠዋት የሰውየውን ታሪክ፣ ቀን ላይ የት እንደደረሳችሁ፣ ማታ ምን ያህል እንደቀረ። ሰውን የሚያሰለቸው ያው ቃል ሲደጋገም ነው። ከሁሉ በላይ ግን ጠዋት የሰጠ ሰው ማታ «እባክዎ ይስጡ» የሚል መልእክት እንዳይደርሰው። አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ዝርዝሩን እያጠራ ይዋል፤ ሌላ ሥራ አትስጪው። የሰጠ ሰው ማታ የሚደርሰው ምስጋና ብቻ ነው።

ለምስጋናው ጠጋኞቹን ተጠቀሚባቸው። ከሁለት ቀን ሳይበልጥ፣ በስም፣ በድምፅ መልእክት ቢሆን ደስ ይላል። ከወር በኋላ ደግሞ ምንም ሳትጠይቂ አንድ ጊዜ ጻፊላቸው፤ የትኛው ወንበር እንደወጣ፣ ባለቤቱ ከፈቀደ የት እየሄደ እንደሆነ። በየወሩ ትንሽ ትንሽ መስጠት ይፈልጉ እንደሆን የሚጠየቁት ከዚያ በኋላ ነው።

የጠዋቱን መልእክት ረቂቅ ስትጨርሺ እዚህ ለጥፊው። ባለ ዊልቸሩም ይየው፣ እኔም አየዋለሁ።