ጉልበቷን የሚያማትን እናቴን የባሕር እንስሳት የት ወስጄ ላሳያት?

የሳንሆዜዋ፦
እናቴ ከሐዋሳ መጥታ ለሦስት ወር እኔ ጋ ናት። እስካሁን ያሳየኋት የገበያ አዳራሽና የዘመድ ሳሎን ብቻ ነው። ትናንት «ይህ አገር አውሬ የለውም እንዴ?» አለችኝ። ሐይቅ ዳር ስላደገች ውሃና ወፍ ነፍሷ ነው። ነገር ግን ከሩብ ሰዓት በላይ መራመድ አትችልም፤ ጀልባ ላይ ደግሞ ሞቼ ነው ቆሜ ብላለች። ሌሊት ተነሥታ ጸሎቷን ስለምታደርስ ማለዳ መውጣት የሚከብደው ለእኔ እንጂ ለእሷ አይደለም። ከመኪና ብዙም ሳይርቁ እንስሳት የሚታዩበት ዳርቻ የምታውቁ ጠቁሙኝ።

የሌሊት ሾፌር፦
እህቴ፣ ሞስ ላንዲንግ ወደምትባለው የካሊፎርኒያ የወደብ መንደር ውሰጃቸው። እኔ ሌሊቱን ታክሲ ስነዳ አድሬ ቅዳሜ ወደ ቤት ከመግባቴ በፊት ብቅ የምለው እዚያ ነው፤ አንድ ሰሞን ባለቤቴ ሌላ ጎጆ የቀለስኩ መስሏት ነበር። ከሳንታ ክሩዝ ወደ ሞንተሬይ በሚወስደው አውራ ጎዳና ስትሄጂ የኃይል ማመንጫው ሁለት ረጃጅም ጭስ ማውጫዎች ከታዩሽ ደርሰሻል። ከወደቡ በስተሰሜን ጄቲ ሮድ የሚባል መንገድ አለ። ዳሩ ላይ ቁሚ፤ ውሃው እዚያው ነው።

የባሕር ኦተር የሚባሉትን ጸጉራም የባሕር እንስሳት በጀርባቸው ተንሳፍፈው፣ እግራቸውን ወደ ሰማይ ሰቅለው ታገኛቸዋለሽ። አቆስጣ (ሲል) እንደሚባለው ሌላ የባሕር እንስሳ ከቆዳቸው ሥር ወፍራም ስብ የላቸውም፤ ከብርድ የሚያድናቸው ጸጉራቸው ነው። እጅግ ጥቅጥቅ ስላለ ውሃ ቆዳቸው ጋ አይደርስም። ታዲያ ጠዋት ሙሉ ሲያሹትና ሲያበጥሩት ብታዪ ቅንጦት እንዳይመስልሽ፤ ከቆሸሸ ብርዱ ይገድላቸዋል። ለዚያው ጸጉር ሲባል ታድነው ካሊፎርኒያ ውስጥ አልቀዋል ተብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1938 ቢግ ሰር አካባቢ 50 ያህል ተገኙ፤ ዛሬ ያሉት 3,000 ገደማ የእነዚያ ዘር ናቸው።

ጆሯችሁንም ክፈቱ። ኦተሩ ደረቱ ላይ ድንጋይ አስቀምጦ ዛጎሉን ሲፈጠፍጥበት ቋ፣ ቋ ይላል። አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ከሌለሽ ተዋሺ፤ መጠጋት አይፈቀድም፣ ደግሞም ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ ኦተር ለመሞቂያ የሚያስፈልገውን ጉልበት በከንቱ ያባክናል። ውሃው የሚጎድልበትን ሰዓት አይተሽ ከሄድሽ አቆስጦቹም ጭቃው ላይ ወጥተው ተጋድመው ይታያሉ።

ኦክላንድ ነዋሪ፦
ከሳንታ ክሩዝ በስተሰሜን ያለው የባሕር ዳር ፓርክ፣ አኞ ኑዌቮ፣ ይሻላል ባይ ነኝ። እዚያ ያለው የዝሆን አቆስጣ ነው፤ ወንዱ ከመኪና ይከብዳል።

የሌሊት ሾፌር፦
ወንድሜ፣ እናቷን ጉልበታቸውን ያማቸዋል የተባለውን አላነበብክም? አቆስጦቹ በሚወልዱበት ወቅት፣ በብርዱ ወራት፣ ያለ አስጎብኚ አያስገቡም፤ መንገዱም አሸዋ ላይ ረጅም የእግር ጉዞ ነው። ለአንተና ለእኔ እሺ።

የሳንሆዜዋ፦
ሄድን! በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ደረስን። ጉሙ ጭስ ማውጫዎቹን ግማሽ ድረስ ውጧቸው ስለነበር ልናልፋቸው ትንሽ ቀረን። እናቴ በጋቢ ተጠቅልላ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብላ መስኮቱን ዝቅ አደረገች። መጀመሪያ የተንሳፈፈ ግንድ መስሏት «ይህንን ልታሳዪኝ ነው?» ብላ ተቆጣች። ከዚያ ግንዱ ዞር አለ። ሆዷ ላይ ግልገል ያስተኛች እናት ናት! ትልሰዋለች፣ ታገላብጠዋለች፣ እንደገና ትልሰዋለች። ወዲያ ማዶ ሌላዋ ዛጎል መፈጥፈጥ ስትጀምር እናቴ «ውይ፣ ደረቷን ሙቀጫ አደረገችው እኮ!» ብላ ከመኪናው ወረደች። ጉልበቷን ረስታ ግማሽ ሰዓት ቆመች። ፔሊካን የሚባሉትን ወፎች ግን ብዙም አልቆጠረቻቸውም፤ እነሱን ከቤቷ ታውቃቸዋለች።

አንድ ነገር ሳትነግሩኝ ቀርታችኋል። ቁርስ ይዘን ነበርና ድፎ ዳቦውን ገና ከመሶቡ ስታወጣ አንድ የባሕር ወፍ ከኋላ መጥቶ ከእጇ ላፍ አድርጎት በረረ። እስከ ሳንሆዜ ድረስ ስትብከነከን መጣች። «የእኛ አባ ኮዳ፣ ያ ትልቁ ወፍ እንኳ፣ ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆቹ ፊት ቆሞ ይጠብቃል እንጂ ከሰው እጅ አይነጥቅም» ትላለች።