የጋራ ሐሳብ ረቂቅ፦ ባለቤቱ ስለሚቀየር ክፍት ሶፍትዌር

ሰብሳቢ፦ ጤና ይስጥልን። ቅዳሜ አራት ኪሎ ስንገናኝ ስለ ክፍት ሶፍትዌር፣ ማለትም ኮዱን ማንም ወስዶ ሊያሻሽለው ስለሚችለው፣ የምናጸድቀው ሐሳብ አንቀጽ 2 ላይ ቆሟል። እንዲህ ይላል፦ «ማኅበሩ አባላት በትልልቅ ኩባንያዎች የተገዙ ክፍት ሶፍትዌሮችን ከቢሯቸው እንዲያስወጡ ይመክራል።» እስቲ ተናገሩበት።

ገንዘብ ያዥ፦ ይጽደቅ ባይ ነኝ። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ2019 የክፍት ሶፍትዌር ኩባንያውን ሬድ ሃትን በ34 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። የሬድ ሃት ነፃ የሰርቨር ሥርዓት ሴንትኦኤስ 8 እስከ 2029 ድጋፍ ያገኛል ሲባል ስንቱ ሰርቨሩን ጫነበት፤ በ2020 መጨረሻ ግን በሚቀጥለው ዓመት እንደሚያበቃ ተነገረ፤ አበቃም። ሳያስቡት ቢሮ መልቀቅ ምን እንደሚመስል ካዛንቺስ የነበራችሁ አታጡትም።

ቴክኒክ ክፍል፦ እህቴ፣ ንዴትሽ ገብቶኛል፤ አንቀጹ ግን መያዝ የሚገባውን ለቆ የማይገባውን ይይዛል። ቃል በቃል ከሄድን የመረጃ ቋቱን ማይሲኩዌልን ልናስወጣ ነው፤ የገዛው ኦራክል ግን እስከ ዛሬ በጂፒኤል፣ በክፍት ፈቃድ፣ እያወጣው ነው። ሰርቨሮችን በኮድ ማዘጋጃው ቴራፎርም ግን ያመልጠናል። ባለቤቱ ሀሺኮርፕ ፈቃዱን ያጠበቀው በ2023 ነው፤ አይቢኤም ኩባንያውን ጠቅልሎ የወሰደው በ2025። ፈቃዱ ሲቀየር ገና አልተሸጠም ነበር።

ሰን ማይክሮሲስተምስ ከተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ የምንማረው ይበልጣል። ኦራክል በ2010 ሲገዛው ብዙ ነገር አብሮ ወረሰ። የሰን ክፍት የኮምፒውተር ሥርዓት ኦፕን ሶላሪስ ቆመ። የቢሮ ሥራ ፕሮግራሙ የኦፕን ኦፊስ ሰዎች በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ኮዱን ይዘው ወጡና ሊብሬ ኦፊስን መሠረቱ፤ ስሙ ኦራክል ዘንድ ቀረ፤ በ2011 ለአፓቺ፣ ለትርፍ ለማይሠራው የሶፍትዌር ድርጅት፣ ተሰጠ። አሁን በአማርኛ ሜኑ የምንሠራበት ስሙን ትቶ የወጣው ነው። ሊብሬ ኦፊስ ጸሐፊዎቹን መብታቸውን ለአንድ አካል እንዲያስረክቡ አይጠይቅም፤ ስለዚህ ማንም መጥቶ ብቻውን ፈቃዱን ሊለውጥ አይችልም። ለእኔ ዋናው እዚህ ላይ ነው፤ የገዢው ማንነት ሁለተኛ ነው።

ከሜክሲኮ አካባቢ አባል፦ እኔ ማተሚያ ቤት ነው ያለኝ። ይሄን ሁሉ ማን ያጣራልኛል?

ቴክኒክ ክፍል፦ ወንድሜ፣ ኮድ ማንበብ አይጠበቅብህም። የንግድ ምልክቱ በማን ስም እንደሆነና ኮድ የሚሰጥ ሰው መብቱን የሚያስረክብበት ውል ይፈርም እንደሆነ ማየት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። የሚጽፉት ሁሉ የአንድ ድርጅት ደመወዝተኞች ከሆኑ ግን ፎርክ ማድረግ፣ ማለትም ኮዱን ይዞ ለብቻ መቀጠል፣ ቢፈቀድም የሚሸከመው አይገኝም። እኛ አጣርተን ለአባላት ብንልክስ?

ጸሐፊ፦ እንግዲህ እንዲህ ልጻፈው፦ «አባላት ሶፍትዌር ሲመርጡ የኮዱ መብት በአንድ ኩባንያ እጅ መሰብሰቡን ያጣሩ፤ ከተሰበሰበ መረጃቸውን ሌላ ፕሮግራም በሚከፍተው ፎርማት በየጊዜው ያስቀምጡ።» ማኅበሩ የማጣራቱን ሥራ ይወስዳል።

ገንዘብ ያዥ፦ ከመጀመሪያው ይሻላል፤ ሆኖም ባለሙያ ሰርቨር የሚያዛውረው በነፃ አይደለም። ከመዋጮው የተወሰነ ለዚህ ይመደብ የሚል ካልተጨመረበት አልፈርምም።

ሰብሳቢ፦ ይጨመር። ሴንትኦኤስ ላይ የቀራችሁ ከተተኪዎቹ ወደ አልማ ሊኑክስ ትሂዱ ወይስ ወደ ሮኪ ሊኑክስ የሚለውን ቅዳሜ እንየው፤ በጽሑፍ ከጀመርነው አያልቅም። የገንዘቡን ዓረፍተ ነገር ጸሐፊያችን እስከ ሐሙስ ያስገቡልን።