ኮያሳን፦ «ሳን» አክብሮት ነው ወይስ ተራራ?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖች። ጃፓን፣ ዋካያማ ውስጥ ስላለው የኮያሳን ገዳም ሳነብ ግራ ገባኝ። «ታናካሳን» ሲባል «ሳን» የአክብሮት ቃል ነው። ተራራውንም አንቱ እያሉት ነው እንዴ?

መላሽ፦ ኧረ አይደለም ወንድሜ! ድምፁ ገጠመ እንጂ ቃሉ ሌላ ነው። የተራራው «ሳን» ከቻይና የመጣ ንባብ ነው፤ ያንኑ ፊደል በአገርኛው «ያማ» ብለው ያነቡታል። እንግዲህ «ኮያሳን ተራራ» ያለ ሰው ተራራን ሁለቴ ጠራ ማለት ነው። እኛስ «አምባ አላጌ ተራራ» እንል የለ!

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ልማዱ ከቻይና ይምጣ እንጂ፣ ጃፓን ውስጥ ብዙ የቡድሃ ቤተ መቅደስ የተራራ ስም አለው። ከተማ መሃል፣ ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ያለውም ጭምር። መሥራቹን «ካይሳን» ይሉታል፤ ሲፈታ «ተራራ ከፋች» ነው። ወዲያው የኛው «ደብር» ትዝ አለኝ። በግዕዝ ተራራ ነው፤ ዛሬ ግን ሜዳ ላይ ያለውንም ቤተ ክርስቲያን ደብር እንላለን።

ጠያቂ፦ ግሩም ነው! «ኮቦም ብሩሹ ይስታል» የሚሉትስ?

ሌላ መላሽ፦ ኮቦ የኮያሳን መሥራች ኩካይ ነው። ቦታውን እ.ኤ.አ. በ816 ከንጉሠ ነገሥቱ ተቀበለ፤ «ኮቦ ዳይሺ» የሚለው ማዕረግ የተሰጠው ግን በ921 ነው። በ835 ሞተ ይላል ታሪክ። አማኞቹ አይቀበሉትም፤ ኦኩኖኢን በሚባለው ስፍራ በተመስጦ ላይ ነው ይላሉ። ዛሬም በቀን ሁለቴ ምግብ ይቀርብለታል።

የጽሕፈት ሊቅ ነበር። እንደ አፈ ታሪኩ፣ ኪዮቶ ውስጥ ለአንድ በር የጻፈው ሰሌዳ ከተሰቀለ በኋላ ፊደሉ ላይ አንዲት ነጥብ መርሳቱ ታየ። ሰሌዳውን አላስወረደም። ብሩሹን ወደ ላይ ወርውሮ ነጥቧን ቦታዋ ላይ አሳረፋት! አባባሉን ዛሬ የሚጠቀሙበት ሊቅ ሲሳሳት ነው። በኛ «የማይሳሳት ሰው የለም» ይሆናል፤ ግን ለዛው የት አለ?

ጠያቂ፦ ተመችቶኛል። አንድ ቀን ሳልሄድ አልቀርም።

ሌላ መላሽ፦ ከሄድክ ገዳማቱ ውስጥ እደር፤ «ሹኩቦ» ይባላል። ምግቡ የጾም ነው፣ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም። «ጎማ ዶፉ» ሲያቀርቡልህ ደግሞ እንዳትደነግጥ፤ ጎማ ሰሊጥ ነው። «ዶፉ» ያው ቶፉ፣ የአኩሪ አተር አይብ ማለት ነው፤ እንዲያ ቢሉትም ግን አኩሪ አተር የለበትም።