ክርክር፦ እንስሳት የሚያወሩባቸው ርካሽ የቤተሰብ ፊልሞች በእውነተኛ ቡችሎች መሠራታቸው ይቁም?

የሁለት ልጆች እናት፦

ሰላም ለቤቱ። የዚህ ሳምንት ርዕስ አቅራቢ እኔ ነኝ። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። በትንሽ በጀት የሚሠሩ የቤተሰብ ኮሜዲዎች ሕይወት ያላቸውን ቡችሎች ማስተወን ማቆም አለባቸው።

የትኞቹን ፊልሞች እንደምል ታውቃላችሁ። ውሻው እንደ ሰው ያወራል። ድመቷ ምክር ትሰጣለች። ብዙዎቹ ሲኒማ ቤት ሳይገቡ በቀጥታ በዲቪዲ የወጡ ናቸው። አሁን ደግሞ በየስልኩና በየታብሌቱ አሉ። ልጆቼ ይወዷቸዋል። እኔም አብሬያቸው ተቀምጬ ስቄያለሁ። ስለዚህ ያስቃሉ አያስቁም የሚል ክርክር የለኝም።

እኔን ያስቆጣኝ ሌላ ነገር ነው። «ስኖው በዲስ» የሚባል የዲዝኒ ፊልም አለ። አምስት የጎልደን ሪትሪቨር ቡችሎች ሳይታሰብ አላስካ ይደርሱና በበረዶ ላይ ተንሸራታች ጋሪ ይጎትታሉ። በ2007 ካናዳ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ተቀረጸ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በቀረጻው ወቅት ቡችሎቹ ታመሙ። አምስት ቡችሎች ሞቱ። ከአሜሪካ ከአርቢ ከመጡት መካከል ዕድሜያቸው ስድስት ሳምንት ገደማ ብቻ የሆኑ ነበሩበት። የአሜሪካ ደንብ ግን ስምንት ሳምንት ያልሞላውን ቡችላ ለንግድ ማጓጓዝ ይከለክላል። ፊልሙ በ2008 መጀመሪያ ገበያ ላይ ዋለ።

የእኔ ልጅ አንድ ሰዓት ተኩል እንዲስቅ ጡት ያልጠገበ ቡችላ ድንበር መሻገር አለበት? የለበትም እላለሁ። እናንተስ?

ካሜራማን፦

እህቴ፣ ርዕሱ ጥሩ ነው። ጥፋቱን በትንሽ በጀት ላይ ማሳረፍሽ ግን አልተዋጠልኝም። ዲዝኒ ገንዘብ አጥቶ ነው?

በሙያው ውስጥ ስላለሁ አንድ ነገር ላስረዳ። ግልገል እንስሳ በፍጥነት ያድጋል። ቀረጻ ደግሞ ሳምንታትን፣ አንዳንዴም ወራትን ይፈጃል። ዛሬ የቀረጽከው ቡችላ ከወር በኋላ ሌላ ውሻ ነው። ስለዚህ ለአንድ ገጸ ባሕርይ ብዙ ተመሳሳይ እንስሳት ይዘጋጃሉ። በ1995 የወጣው የአውስትራሊያው «ቤብ» ለአንዱ የአሳማ ግልገል 48 ግልገሎች ተጠቅሟል። ያ ፊልም ርካሽ አልነበረም። 30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቷል፣ በቪዥዋል ኢፌክትስም ኦስካር ወስዷል።

«ዘ ሆቢት»ንም አስቡት። እዚያ የፈሰሰው ገንዘብ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ነው። በ2012 ግን የእንስሳቱ ተንከባካቢዎች በኒውዚላንድ እርሻ ላይ እስከ 27 እንስሳት ሞተዋል ብለው ተናገሩ። አምራቾቹ ለሞቱት ሁሉ ፊልሙ ተጠያቂ ነው መባሉን አልተቀበሉም። ቢሆንም ጉዳዩ የድህነት አለመሆኑ ይታያል። ትንሹን ፊልም ሠሪ ከልክለን ትልቁን ብንተው ምን ፍትሕ አለው? እኔ የምደግፈው ቁጥጥርን ነው።

ተረት ወዳድ፦

እኔም ከካሜራማን ጋር ነኝ። ዘውጉን ግን እንዳትነኩብኝ! እንስሳ የሚያወራበት ታሪክ የልጅ ምግብ ነው።

የእንስሳት ሐኪም፦

በእነዚያ የፊልም ቡችሎች ላይ የተነሳው በሽታ ፓርቮ የሚባል የውሻ ቫይረስ ነው። እዚህ አዲስ አበባም ክሊኒክ ውስጥ የምናየው ስለሆነ በዝርዝር ልጻፍ። ዝርዝሩ ሳይታወቅ «ቁጥጥር ይጠበቅ» ማለት ትርጉም የለውም።

ፓርቮ በታመመ ውሻ ዓይነ ምድር ይተላለፋል። በጫማ ይሄዳል፣ በልብስ ይሄዳል፣ በመኪና ወለል ይሄዳል። ከውሻው ሰውነት ውጭ ለወራት ይቆያል። ተራ ሳሙና አያጠፋውም፣ በረኪና ያስፈልጋል። ቡችላው ያስመልሰዋል፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይይዘዋል፣ ውሃው ከሰውነቱ ያልቃል። ካልታከመ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል።

ክትባት አለ። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ዕድሜ ላይ ይጀመራል። ከዚያ በየሦስትና አራት ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16 ሳምንት ይሄዳል። የሚደገመው ለምንድን ነው? ቡችላው ከእናቱ እንገር ያገኘው መከላከያ የራሱን ክትባት ያከሽፍበታል። ያ መከላከያ ደግሞ በየቀኑ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ የእናቱ መከላከያ ያለቀበት፣ ክትባቱ ግን ገና ያልያዘበት ክፍተት አለ። ክፍተቱ በየትኛው ቀን እንደሚመጣ ከውጭ አይታይም።

ፊልም ሠሪው የሚፈልገው ዕድሜ ይኸው ነው። ጆሮው ትልቅ፣ እግሩ አጭር፣ ሆዱ ክብ የሆነበት ጊዜ። ከተለያዩ እናቶች የተወለዱትን አንድ ላይ ታስገባቸዋለህ። ረጅም መንገድ ያጓጉዙዋቸዋል። መብራት፣ ጫጫታ፣ የማያውቁት እጅ ይጨመርበታል። ካሜራማን፣ ተቆጣጣሪ ቆሞ ቢያይ ይህን ሁሉ አይቀይረውም። ቡችሎቹ በአንድ ቦታ የመሰብሰባቸው ነገር ራሱ አደጋ ነው።

ያደገና ክትባቱን የጨረሰ ውሻ ሌላ ጉዳይ ነው። ጥሩ አሰልጣኝ ካለው ሥራውን በደስታ ይሠራዋል። ጅራቱን አይቼ እመሰክራለሁ። እኔ መስመሩን የማሰምረው ዕድሜ ላይ ነው። ከ16 ሳምንት በታች ያለ ቡችላ ቀረጻ ውስጥ አይግባ። በጀቱ ትንሽም ይሁን ትልቅ።

የሁለት ልጆች እናት፦

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም።

ካሜራማን፣ የበጀቱን ነገር ግን አልለቅህም። ገንዘብ ሲያጥር ምን እንደሚሆን አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። የቀረጻው ቀን ይቀንሳል። ተዋናዩ ውል አለው። ቴክኒሻኑ ቢደክመው ይናገራል፣ እምቢ ካሉትም ጥሎ ይሄዳል። ቡችላው ውል የለውም፣ መናገር አይችልም። ስለዚህ የተቀነሰው ሁሉ እሱ ላይ ያርፋል። የሚያርፍበት ቦታ፣ የሐኪሙ ጉብኝት፣ ከእናቱ ጋር ሊቆይ የሚገባው ሁለት ሳምንት። ከፊልሙ ውስጥ አምስት ቋንቋ የሚያወራው እንስሳ ከካሜራው ጀርባ አንድም ድምፅ የለውም። የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

አስተማሪ ከካልጋሪ፦

እኔ ደግሞ ከቀረጻው ውጭ ያለውን ላንሳ። ከፊልሙ በኋላ የሚመጣውን።

ልጅ ፊልሙን ያይና «ይኼን ዓይነት ውሻ ግዙልኝ» ይላል። ይህ በጥናት የታየ ነው። በ2014 ፕሎስ ዋን የተባለው የሳይንስ መጽሔት ውሻ ያለባቸውን 87 የአሜሪካ ፊልሞች ያጠና ጽሑፍ አውጥቷል። በተመልካች ዘንድ የተወደዱ ፊልሞች ያሳዩት ዝርያ ተፈላጊነቱ ይጨምራል፤ ውጤቱም እስከ አሥር ዓመት ሊቆይ ይችላል ይላል። ተፈላጊነት ሲጨምር አርቢው ይፈጥናል። የሚፈጥን አርቢ ደግሞ ስምንት ሳምንት አይጠብቅም። ውሻው ሲያድግ ፀጉሩ ይረግፋል፣ ይጮኻል፣ ዕቃ ያኝካል፣ አያወራም። ልጁም ይሰለቻል።

በሌላ በኩል እውነቱን ልናገር፤ ያው ጥናት የፊልሞቹ ተጽዕኖ ከድሮው ይልቅ በቅርቡ እየቀነሰ መምጣቱንም አሳይቷል። ሌላም አለ። የ«ቤብ» ዋና ተዋናይ ጄምስ ክሮምዌል ፊልሙን ሲሠራ ከእንስሳቱ ጋር ውሎ ከእንስሳት የሚገኝ ምግብን ፈጽሞ ትቷል። ዛሬም ድረስ ለእንስሳት መብት ይሟገታል። ስለዚህ እውነተኛ እንስሳ ፊት መቆም የሰው ልብ ላይ የሚያደርገው ነገር አለ። በኮምፒውተር የተሠራ አሳማ ይህን ያደርግ ነበር? አይመስለኝም። ለዚህ ነው ሙሉ እገዳው ላይ እጄን ለማንሳት የምቸገረው።

ካሜራማን፦

ጥሩ ነጥብ ነው ያነሳሽው አስተማሪ። እኔም የምፈራው ይህን ነው። እውነተኛው እንስሳ ከወጣ የሚተካው ምንድን ነው? ትንሹ ፊልም ሠሪ ጥሩ አኒሜሽን መክፈል አይችልም። አሁን በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚፈበረኩ ምስሎች መጥተዋል። ልጁ ያላለቀሰ፣ ያልራበው፣ ያልኖረ ውሻ ያያል። ያ ውሻ ጆሮውን ሲያጋድል ምን ማለቱ እንደሆነ አይማርም። እኔ በአሥራ አምስት ሰከንድ የእውነት እንቅልፍ የሚወስደውን ቡችላ በካሜራዬ ባየሁ ጊዜ ውስጤ የሚሰማኝን ልጄም እንዲያይ እፈልጋለሁ።

አፍ የማንቀሳቀሱ ሥራ ራሱ እንስሳውን እንደማይጎዳ ሰው ይወቅ። ዛሬ የእንስሳው ጭንቅላት ይቀረጽና የአፉ ክፍል ብቻ በኮምፒውተር ተሠርቶ ይለጠፋል። ቡችላው ስለ ንግግሩ ምንም አያውቅም። ድሮ ነበር ችግሩ። ከ1961 እስከ 1966 በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታየው ተናጋሪው ፈረስ «ሚስተር ኤድ» መጀመሪያ ከንፈሩ ሥር የናይለን ክር እየገባ ነበር አፉን የሚያንቀሳቅሰው። በኋላ ፈረሱ ራሱ ለመደው።

ከዚህም ያነሰ ወጪ አለ። በ1993 የወጣው «ሆምዋርድ ባውንድ» ውስጥ ሁለት ውሾችና አንዲት ድመት ይናገራሉ፣ አፋቸው ግን አይንቀሳቀስም። ድምፃቸውን ብቻ ነው የምንሰማው። ማይክል ጄ. ፎክስና ሳሊ ፊልድ ድምፃቸውን ሰጥተዋል። ልጆች አፉ ለምን አይንቀሳቀስም ብለው አይጨነቁም። በሙያዬ ያየሁት ይህ ነው፤ ልጅ ድምፁን ካመነ ሁሉንም ያምናል።

ተረት ወዳድ፦

አሁን ወደ እኔ መጣችሁ! ልጅ ድምፁን ካመነ ይበቃዋል ካልክ ቡችላው ለምን አስፈለገ?

አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲያወሩ አንበሳውም ጦጣውም በእሳቸው አንደበት ነበር የሚናገረው። ላሜ ቦራን ስንሰማ ላም ቤታችን አልገባችም። የምትመግበው ላም ግን ዓይናችን ላይ ነበረች። አለቀስንላትም።

ዘመናዊ ምሳሌ ከፈለጋችሁ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» አለላችሁ። ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ በ2006 ነው የጀመሩት። ፀሐይ የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት፣ በአሻንጉሊት የተሠራች። መጀመሪያ ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ቤታቸው ሳሎን ውስጥ ነበር የሚቀርጹት። የሀገሬ ልጆች በአማርኛ እጅ መታጠብ ከቀጭኔ ተማሩ። ዓለም አቀፍ ሽልማትም አግኝተዋል። በጀታቸው ከዲዝኒ የዲቪዲ ፊልም ጋር ፈጽሞ አይነጻጸርም። ሆኖም አንድም እንስሳ አልታመመባቸውም፤ ምክንያቱም አንድም እንስሳ አልነበረም። ስለዚህ ድህነት ሰበብ ሊሆን አይችልም። የጎደለው ድካም ነው። አሻንጉሊት መስፋት፣ ድምፅ መፈለግ፣ ጥሩ ታሪክ መጻፍ ያደክማል። ቡችላ ማምጣት ይቀላል፤ ቡችላ ምንም ባያደርግ እንኳ ልጅ ያያል። እነዚያ ርካሽ ፊልሞች ታሪካቸው ለምን ደካማ እንደሆነ አስባችሁታል? የቡችላውን ፊት ተማምነው ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦

ተረት ወዳድ፣ ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ለልጆቼ አነብላቸዋለሁ።

ሌሎቻችሁን ሰምቼ ለድምፅ የሚቀርበውን እንዲህ አድርጌዋለሁ። አንደኛ፣ ከ16 ሳምንት በታች ያለ ቡችላ ወይም የድመት ግልገል በየትኛውም ፊልም ውስጥ አይተውን። ሁለተኛ፣ ያደገ እንስሳ በነጻ ተቆጣጣሪ ፊት ይፈቀድ። ትስማማላችሁ?

ካሜራማን፦

ሁለቱንም እቀበላለሁ። ተቆጣጣሪ ደግሞ አለ። አሜሪካን ሂዩሜን የተባለው ድርጅት ከ1940 ጀምሮ ሆሊውድ ውስጥ ቀረጻ ይከታተላል። የተጀመረው በ1939 «ጄሲ ጄምስ» ፊልም ላይ ፈረስ ከገደል ተወርውሮ ከሞተ በኋላ ነው። ፊልም ሲያልቅ «ምንም እንስሳ አልተጎዳም» የሚለውን ጽሑፍ የሚፈቅደውም እሱ ነው።

የእንስሳት ሐኪም፦

አንደኛውን እደግፋለሁ። ሁለተኛው ላይ «ነጻ» የሚለው ቃል ይብራራልኝ። የዚያ ድርጅት የቀረጻ ክትትል አብዛኛው ወጪ የሚሸፈነው ከፊልም ኢንዱስትሪው በሚመጣ ገንዘብ ነው። በ2013 «ሆሊውድ ሪፖርተር» የተባለው የፊልም መጽሔት ይህን ጉዳይ በሰፊው አጋልጧል። ደግሞም ክትትሉ በዋናነት ካሜራው በሚሠራበት ሰዓት ነው። ካሜራማን ራስህ የጠቀስካቸው የኒውዚላንድ እንስሳት የሞቱት እርሻ ላይ እንጂ ቀረጻ ላይ አይደለም። ፓርቮም የሚይዘው ማደሪያው ውስጥ ነው፣ መኪናው ውስጥ ነው።

ስለዚህ ሁለተኛው ነጥብ ላይ ሁለት ነገር ይጨመር። ተቆጣጣሪው እንስሳው ከአርቢው ግቢ ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ ወደ ቋሚ ቤቱ እስኪገባ ድረስ ይከታተል። ደመወዙም ከአምራቹ እጅ አይውጣ። እነዚህ ካልገቡ እኔ ድምፄን የምሰጠው ለአንደኛው ብቻ ነው።

ካሜራማን፦

የመጀመሪያውን ጭማሪ እቀበላለሁ ዶክተር። ደመወዙ ላይ ግን ይንገሩኝ፣ አምራቹ ካልከፈለ ማን ይክፈል? መንግሥት? ተመልካቹ? ይህ ሳይመለስ ድምፅ አንስጥ።