ክርክር፦ የታዋቂ ሰው ገመና ከሥራው ጋር ይጻፍ ወይስ ይቅር?

ጦሳ ሥር፦
ነገሩ እንዲህ ነው። ደሴ ላይ አንድ አዳራሽ በሟች ድምፃውያን፣ ሯጮችና ተዋንያን ፎቶ ተሞላ እንበል። ከየፎቶው ሥር አንዲት ካርድ ትለጠፋለች፤ ከ60 ቃል ካለፈች ቆሞ የሚያነባት የለም። ሰውየው መጠጥ የጨረሰው፣ ወይ ሚስቱን ሲደበድብ የኖረ፣ ወይ ተፈርዶበት የታሰረ ቢሆንስ? ካርዷ ላይ ይግባ? «ሥራው ብቻ» የምትሉም «ሁሉም ይነገር» የምትሉም ምክንያታችሁን ጀባ በሉን።

እትዬ ሙጋድ፦
ሥራው ብቻ። ሟች ተነሥቶ መልስ አይሰጥም፤ ገመናውን ተሸክመው ሰፈር ውስጥ የሚዞሩት ልጆቹ ናቸው። ደግሞ በግል ጠባይ ሰውን መዝኖ መጣል ምን እንደሚያመጣ ወሎ ከማንም በላይ ያውቃል። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት ከሥልጣን ሲወርዱ ዋናው ክስ እምነታቸውና አኗኗራቸው ነበር። በወሩ፣ ጥቅምት 17፣ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ተሸነፉ። ከዚያ ወዲያ ታሪኩን የጻፈው ያሸነፈው ወገን ነው፤ የሰውየው ፖለቲካ በወሬው ሥር ተቀብሮ ስንት ዘመን ቆየ።

የባቲ ሰኞ፦
እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ምሳሌዎ ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ልጅ ኢያሱን የጎዳቸው ወሬው ሳይጣራ እንደ ፍርድ መጻፉ ነው። ዝም ማለትም የራሱ ጣጣ አለው። ጂሚ ሳቪል የሚባለው የእንግሊዝ ቴሌቪዥን አቅራቢ በፈረንጅ 2011 ሲሞት በታላቅ ክብር ተቀበረ። ዓመት ሳይሞላው ልጆችን ሲደፍር እንደኖረ ምስክር በምስክር ላይ መጣ፤ በጥቅምት 2012 የመቃብር ድንጋዩ ተነቅሎ ተወገደ። ልብ በሉ፣ የሆስፒታልና የሕፃናት ማሳደጊያ በር የሚከፍትለት ያው ዝናው ነበር። እዚህ ላይ «ሥራው» የሚያልቀው የቱ ጋ ነው፣ «ገመናው» የሚጀምረውስ?

የሐይቅ ዳር፦
ሁለታችሁም አንድ ከረጢት ውስጥ ሁለት እህል ከታችኋል። ሱስ፣ ድብርት፣ ድህነት፣ የትዳር መፍረስ አንድ ነገር ነው፤ የተጎዳው ራሱ ባለቤቱ ነው። ድብደባ፣ መድፈር፣ መግደል ሌላ ነው፤ ያ በሌላ ሰው ገላ ላይ የደረሰ ስለሆነ «የግል» አይባልም።

የመጀመሪያው ዓይነት ካርድ ላይ የሚገባው ሥራውን ለመረዳት የግድ ሲሆን ብቻ ነው። ማራዶና በፈረንጅ 1991 በኮኬይን ምክንያት 15 ወር ታገደ፤ ይህ ከሜዳ ያራቀው ስለሆነ የእግር ኳሱ ታሪክ አካል ነው። ሕመም ከሆነ ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። አሜሪካዊው ተዋናይ ሮቢን ዊሊያምስ በፈረንጅ ነሐሴ 2014 ራሱን አጥፍቶ ሲሞት ያኔ ቸኩሎ የጻፈ ሁሉ ድብርት ብሎ ዘጋው። አስከሬኑ ሲመረመር ግን አንጎልን የሚያውክ ሌዊ ቦዲ የሚባል የመርሳት በሽታ እንደነበረበት ታወቀ። በዚያ ሳምንት ካርድ ያተመ ሰው ዛሬ ካርዱን ይፍቃል ማለት ነው። ራስን ማጥፋት ካለበትም ዘዴው አይጻፍም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ይኸው ነው፣ ዝርዝሩ ሌላውን ስለሚጋብዝ።

ዘቃሉ፦
ክፍፍሉ ሸጋ ነው፤ ግን ሁለተኛውን ዓይነት ስትጽፉ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ስላለ እሱን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ፣ ወሬ፣ ክስ፣ ፍርድና ይግባኝ አራት የተለያዩ ደረጃዎች ናቸው፤ ካርዷ የትኛው ላይ እንደቆመ በግሥዋ መታወቅ አለበት። «ተወራበት» ከሆነ ጭራሽ አይገባም። «ተከሰሰ» ካላችሁ መጨረሻውን ሳትጽፉ እንዳታቆሙ። «ተፈረደበት» ካላችሁ ፍርድ ቤቱን፣ ዓመተ ምሕረቱን፣ ይግባኙ ምን እንዳለ ጨምሩ። አሜሪካዊውን ኮሜዲያን ቢል ኮዝቢን ተመልከቱ፤ በፈረንጅ 2018 በወሲብ ጥቃት ጥፋተኛ ተባለ፣ በሰኔ 2021 የፔንሲልቬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። የሻረውም «ንጹሕ ነው» ብሎ አይደለም፤ የቀድሞው ዐቃቤ ሕግ አልከስህም ብሎት ስለነበር ነው። አንዱ «ወንጀለኛ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ነፃ ወጣ» ብሎ ይጽፋል፤ ሁለቱም ተሳስተዋል።

ሁለተኛ፣ በእኛ አቆጣጠር የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2044 ስም ማጥፋት የሚለው በሕይወት ባለ ሰው ላይ የተፈጸመውን ነው። ሟች በዚህ ቁጥር አይከስም፣ ስለዚህ ጸሐፊው እንደ ልቡ ይፈነጫል። ግን ሟችን ስትጽፉ «ሚስቱ ታውቅ ነበር» ብትሉ ሚስትየው አለች፤ ሰተት ብላችሁ ሕጉ ውስጥ ገባችሁ። የሚያስከስሰው ብዙ ጊዜ እንዲህ በጎን ሾልካ የገባች ዐረፍተ ነገር ናት።

የባቲ ሰኞ፦
እሺ፣ ዘፈኑስ? አሜሪካዊው ዘፋኝ አር ኬሊ በፈረንጅ 2021 ኒውዮርክ ላይ በወሲብ ወንጀል ተፈረደበት፣ በ2022 30 ዓመት ተበየነበት። የሙዚቃ ማሰራጫው ስፖቲፋይ ከፍርዱ አስቀድሞ፣ በግንቦት 2018፣ ከራሱ የዘፈን ዝርዝሮች አውጥቶት ነበር። እኛስ ዐውደ ርዕይ ላይ እንዲህ ያለ ሰው ድምፅ በስፒከር እንልቀቅ?

የሐይቅ ዳር፦
ማጥፋት፣ አለማጫወትና አለማክበር ሦስት ነገር ነው፣ አንቀላቅለው።

ማጥፋት በጭራሽ። የድሮ ካሴት ካላችሁ ዛሬውኑ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡት፤ በ24 ቢት፣ በ96 ኪሎኸርዝ ጥራት፣ ድምፁ ሳይጣራና ሳይቆረጥ። ካሴቱን የሚያነበውን የማጫወቻ ራስ ለየካሴቱ ካላስተካከላችሁ ቀጭኑ ድምፅ ይደፈናል፤ መጀመሪያ የሚጠፋው የማሲንቆው ፉጨት ነው። የምትወዱትም የምትጠሉትም ዘፋኝ ካሴት እኩል ይገለበጣል። ይህን የምለው ለዘፋኙ አዝኜ አይደለም። የአምባሰልን ቅኝት ከማንም ትማረዋለህ፤ ዶ፣ ሬ ቤሞል (ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለች ሬ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል፣ አምስት ድምፅ ነው፣ አለቀ። ሬ ቤሞሏ ላይ ድምፁን እንዴት እንደሚያንከባልላት ግን ከዚያ ሰው ካሴት በቀር የትም አታገኘውም።

ማጫወት ላይ ግን የሚያገኘው ማን እንደሆነ ይጠየቅ። ዘፈን የአንድ ሰው ሀብት አይደለም፤ ግጥሙ የአንዱ፣ ዜማው የሌላው፣ ቅንብሩ የሦስተኛው ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲው መብት ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል፣ ለወራሽ። ዘፋኙን እቀጣለሁ ብለህ ስፒከሩን ስትዘጋ የግጥሙን ባለቤት ልጆች አብረህ ትቀጣለህ። በሕይወት ያለና ገንዘቡን ራሱ የሚበላ ጥፋተኛ ከሆነ ሒሳቡ ይለወጣል፤ እሱ ላይ ከባቲ ሰኞ ጋር ነኝ።

እትዬ ሙጋድ፦
አለማክበር ያልከውስ?

የሐይቅ ዳር፦
ስያሜ ነው እትዬ። ካርድ መዝገብ ናት፤ መንገድና አዳራሽ በስም መጥራት ግን ሽልማት ነው፣ ሽልማት ደግሞ መከልከል ይቻላል። ማራዶና በኅዳር 2020 መጨረሻ በፈረንጅ አቆጣጠር ሞተ፣ በታኅሣሥ የናፖሊ ስታዲየም ከሳን ፓኦሎ ወደ ስሙ ዞረ። ለእሱ ይሁን፤ ለሳቪል ቢሆን ግን በዓመቱ ታፔላ መንቀል ነበር። ቢያንስ አምስት ዓመት ይቆይ እላለሁ። ሰው ከሞተ በኋላ ነው የተበደለ ደፍሮ የሚናገረው።

ጦሳ ሥር፦
ወሬው በዛ፣ እንሞክራት። የአገራችንን ከባዱን እንውሰድ፣ ማሞ ወልዴን። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

«ማሞ ወልዴ። በ1968 ሜክሲኮ ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አሸንፎ ወርቅ፣ በ10 ሺህ ሜትር ብር አገኘ። በ1972 ሙኒክ ላይ በማራቶን ነሐስ ጨመረ። በቀይ ሽብር ግድያ ተሳትፈሃል ተብሎ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ታሰረ፤ ግድያውን አልፈጸምኩም ብሎ ተከራከረ። በጥር 2002 ስድስት ዓመት ተፈረደበት፤ ከዚያ በላይ ታስሮ ስለነበር ተለቀቀ። በግንቦት 2002 ዐረፈ።»

50 ቃል አካባቢ ነው።

ዘቃሉ፦
ሸጋ ነው። «ዘጠኝ ዓመት ታሰረ»ን «ከፍርድ በፊት» በል፣ አለዚያ ሰው የቅጣቱ ዘመን ይመስለዋል። ዘጠኙንና ስድስቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥህ ደህና ነው፤ ስለ ፍርድ ሒደቱ አንባቢው ራሱ ይፍረድ። «ክፉ» ወይም «ግፍ የተፈጸመበት» የሚል ቅጽል ባለመኖሩም እጅህን ይባርክ።

የባቲ ሰኞ፦
ሰዓቷ ምን ያደርጋል? ሜዳሊያዎቹ ሦስት መስመር በሉ፣ ስለ ግድያው የተባለው ግን በሁለት ተገፋ።

እትዬ ሙጋድ፦
ሥራው ብቻ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አልካድኩም። ግን ካነበብኳት አይቀር ልናገር፤ ወርቁም ብሩም ነሐሱም አለ፣ የዳኛው ዓመትም አለ። ክሱ እኮ አንድ ታዳጊ ተገድሏል የሚል ነበር። እሱ የታል?

ጦሳ ሥር፦
እውነትዎን ነው እትዬ፣ የለም። የማራቶኑን ሰዓት አወጣለሁ፣ ስድስት ቃል ይተርፈኛል። «በቀይ ሽብር ግድያ» የሚለውን «በቀይ ሽብር ዘመን በአንድ ታዳጊ ግድያ» አደርገዋለሁ፣ ነገ ጠዋት ደግሜ እለጥፈዋለሁ።