ቤት ውስጥ የምትበር የሪሞት ፊኛ፦ ትንሿን ወይስ ትልቋን?

እባካችሁ አማክሩኝ፣ ግራ ገብቶኛል። ለልጄ ቤት ውስጥ በሪሞት የምትበር፣ ሂሊየም የምትሞላ ፊኛ ልገዛ ነው። ያቺ እንደ ሐብሐብ ሞላላ የሆነችውን ማለቴ ነው።

ትንሿ 60 ሳንቲሜትር ትረዝማለች፤ ስፋቷ 30 ነው። ለጠባቡ ሳሎናችን ልክ ናት። ችግሩ ክብደቱ ላይ ነው። 1 ሊትር ሂሊየም የሚያነሳው 1 ግራም ያህል ብቻ ነው። እሷ ደግሞ በእኔ ስሌት 28 ሊትር ገደማ ነው የምትይዘው። ታዲያ ሽፋኗን፣ ባትሪዋንና ሞተሮቿን በ28 ግራም ትችለዋለች? ሻጩ «ያለምንም ችግር» ይላል። ሻጭ መቼ ችግር አለ ብሎ ያውቃል!

ትልቋ ከሜትር በላይ ናት። ማንሳቱን ታነሳለች፤ ግን ሳሎን ውስጥ ዞራ መመለሷን እንጃ። ሂሊየሙም ብዙ ነው።

አምና የገዛኋት የላስቲክ ነበረች። በማግስቱ መሬት ላይ ተዘርራ አገኘናት፤ ልጄ አለቀሰች። ስለዚህ አሁን የፎይል ካልሆነ አልገዛም።

የትንሿ ሪሞት ኢንፍራሬድ ነው (እንደ ቲቪ ሪሞት በማይታይ ብርሃን የሚሠራ)፣ የትልቋ ሬዲዮ። የሞከራችሁ ካላችሁ፣ ኢንፍራሬዱ ፊኛዋ ዞር ስትል ይቋረጣል? ቬንትሌተር በርቶ እያለስ ትታዘዛለች?